እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

 

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ነው፤ ያረፉት ደግሞ በ1997 ነው፤ እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት ማለት ነው። ሥራቸው እንዲገባችሁ ግን በመጀመሪያ ስለ ሆዳችሁ ትንሽ ማወቅ አለባችሁ።

ጠዋት የበላችሁት እንጀራ ወይም ያ ቡናማ አይብ የተቀባበት ዳቦ የት ይሄዳል? አፍ ውስጥ በጥርስ ይደቅና በምራቅ ይርሳል፣ በጉሮሮ ይወርዳል፣ ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ተደባልቆ እንደ ሾርባ ይቀጥናል። ከዚያ ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል። ስሙ ትንሹ ይባል እንጂ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ነው፤ ከክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ይበልጣል! ሰውነታችን የሚፈልገው አብዛኛው ምግብ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። በአንጀት ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ያንን ምግብ ተሸክመው መጀመሪያ ወደ ጉበት ይወስዱታል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት አልፎ ውኃው ይመጠጥና ይወገዳል።

እንግዲህ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ቤቱን የሚሠራው በእነዚህ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። ትሉ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ላይ አገኘው፣ በሽታውም በስሙ ተጠራ። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት ትል እንቁላሉን የሚጥለው አንጀት አጠገብ ነው። ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ የአንጀትን ግድግዳ ቀደው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ፤ ሌሎቹ እዚያው አንጀት ላይ ወይም ጉበት ላይ ተቀርቅረው ይቀራሉ። ለዚህ ነው በሽተኛው ሆዱን የሚቆርጠው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚይዘው። ብዙ ዓመት ከቆየ ጉበትና ጣፊያው ይጎዳል፣ ሆዱ ይነፋል። በጣም የሚጎዱት ደግሞ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙና ውኃ የሚቀዱ ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ትሉ ከአንዱ ሰው በቀጥታ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ዓይነ ምድር ወንዝ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለው ደግሞ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል። እዚያ ተራብቶ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ አክሊሉ ለማ አሜሪካን አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ስለ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። አዎ፣ ያው ስለ ድሉ የተማራችሁበት አድዋ! ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው የእንዶድ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ነጠላና ጋቢ ያነጣል። አክሊሉ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ወደ ታች ሲመለከቱ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያሉትን ዕቃ ውስጥ አድርገው ከሴቶቹ አንዷ የእንዶድ አረፋዋን እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እናቶቻችን ስንት ዘመን ያጠቡበት ነገር ነው እኮ! ሁሉም ሲያየው የኖረውን ቆም ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር) የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። አድዋ ላይም ወንዙን በእንዶድ እያከሙ ለ5 ዓመት ተከታተሉ። ከትንንሾቹ ልጆች መካከል ከመጀመሪያው ግማሽ ያህሉ በሽታው ነበረባቸው፤ በመጨረሻ ከ100 ወደ 7 ያህል ወረደ። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ወጪው ነው፦ ከውጭ የሚመጣው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ሲሆን፣ እንዶድ ግን አጥር ላይ በነፃ ይበቅላል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን መርጠው አወጡ።

ታዲያ ዓለም በደስታ ተቀበላቸው? አልተቀበላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይሟላ፣ እንዶድ ሰውን እንደማይጎዳ በታወቁ ላቦራቶሪዎች ይረጋገጥ አለ። ጥያቄው ራሱ ትክክል ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ አልነበረም፣ ገንዘቡንም የሚሰጥ ጠፋ። በካናዳ እርዳታ ምርመራው እስኪደረግ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። በእኔ አስተያየት ያን ያህል መዘግየት አልነበረበትም፤ በመሃል ስንት ልጅ ታሟል።

በ1989 ሁለቱ ዶክተሮች ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት በጎረቤታችን በስዊድን ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ ሲያስቸግርም እንዶድ እሱንም እንደሚገድል ታይቷል። ዛሬ ግን ቢልሃርዝያን ለመከላከል በብዛት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፤ እንዶድ እንደታሰበው አልተስፋፋም። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት አሁን በስማቸው አክሊሉ ለማ ይባላል።

ወላጆች ሆይ፣ በክረምት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ልጆቹ ጣና ወይም ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ እንዳይገቡ ተጠንቀቁ። ገብተው ከነበረ ኦስሎ ስትመለሱ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ እዚህ ያሉ ሐኪሞች በሽታውን ብዙ ጊዜ ስለማያዩት ካልነገራችኋቸው ላያስቡት ይችላሉ።

የቤት ሥራ፦ አያቶቻችሁ ጋ ስልክ ደውሉና በእንዶድ ልብስ አጥበው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአማርኛ በ5 መስመር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ።