በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

አገራችን በፍትሐ ነገሥትና በልማድ ስትዳኝ ብዙ ዘመን ኖራለች። የንጉሡ ሥልጣን ራሱ በአንቀጽ ተከፍሎ በሕገ መንግሥት የተጻፈው ግን በ1923 ዓ.ም. ነው። ጽሑፉን ያዘጋጁትን ሰው ብዙዎቻችን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስማቸውን ሰምተን ብቻ እናልፋለን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ በ1888 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ሌዎንቲየፍ ለሚባለው መስኮብ አደራ ሰጧቸውና ወደ ሩሲያ ሄዱ። በዚያም በመኳንንት ቤት አድገው በፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ራስ መኰንን ሞተዋል፤ ዐፄ ምኒልክም በሕመም ላይ ነበሩ። ወደ አውሮፓ ተመልሰው የእርሻን ትምህርት ቀጠሉ። ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱም እርሳቸው ናቸው። በእንስሳት ተረት አስመስሎ ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ ተከለከለ።

ጅጅጋን፣ ቀጥሎም ጨርጨርን ገዙ። ጨርጨርን ለሌላው ግዛት ምሳሌ ለማድረግ ሲደክሙ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ግን ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ ሰጧቸው። ተክለ ሐዋርያት ጃፓን በ1881 ዓ.ም. ያወጣችውን ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገው 55 አንቀጽ አዘጋጁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። መሳፍንቱና መኳንንቱ በተሰበሰቡበትም የሕጉን ትርጓሜ በረጅም ንግግር ያስረዱት እርሳቸው ነበሩ። የእንግሊዝ መኳንንት በ1207 ዓ.ም. ንጉሥ ዮሐንስን አስገድደው ሥልጣኑን የሚወስን ጽሑፍ ተቀብለውታል፤ የእኛ ግን ከዙፋኑ ወደ ታች የተሰጠ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሕዝቡ ግን የመረጠው እንደራሴ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱም ሥልጣን ከመቀነስ ይልቅ ጸና።

ከአንቀጾቹ አንዱ ሕግ ለሕዝብ ጥቅም ካልወሰነው በቀር የማንም ኢትዮጵያዊ ርስትና ንብረት እንዳይወሰድ ይከለክላል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የባሌ አያቶቻችን ትዝ አሉኝ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬታቸው ለሹምና ለወታደር ተሰፍሮ እነርሱ በገዛ አገራቸው ገባር ሆነው ነበር። አንቀጹ በእጅ ያለውን ይጠብቃል፤ ቀድሞ የተወሰደውን ግን አይመልስም። ተክለ ሐዋርያት ይህን አላዩም ለማለት ይከብደኛል፤ ጨርጨርን ያህል የገባር አገር ገዝተዋልና። ምናልባት በዚያ ጉባኤ ፊት ከዚያ በላይ መጻፍ አይቻልም ነበር ይሆናል። ቢሆንም ያለ ሕግ ከመገዛት ይልቅ ጎዶሎ ሕግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ነገር ተከራክረን አልተስማማንም።

የገንዘብ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በአውሮፓ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ። በ1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት በተነሣ ጊዜ በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያን አቤቱታ ያቀረቡ እርሳቸው ናቸው። ማኅበሩ ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ በነገሩ አልተስማሙም፤ ራሳቸውም ተሰደው በጅቡቲና በኤደን በኩል ማዳጋስካር ገቡና ብዙ ዓመት እዚያው ቆዩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በሒርና በእርሻ ሥራ ኖሩ። በዚያ ዘመን፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም.፣ የባሌ ገበሬ ስለ መሬቱና ስለ ግብሩ መሣሪያ አንሥቶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ። የ1923ቱን የርስት አንቀጽ ያረቀቁት ሽማግሌ ይህንንም ዐዋጅ በሕይወት ደረሱበት። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ የታተመው ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።