ዘውድና ሕመም፦ የዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታትና የሥልጣን ብቃት ጥያቄ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን መንበር ያዙ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ። ስለ ዓድዋ ድልና ስለ አዲስ አበባ መቈርቈር ብዙ ተጽፏል። የዘመናቸው ፍጻሜ ያስነሣው ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ግን የሚገባውን ያህል አልተመረመረም፤ ጥያቄውም በሕይወት ያለ ነገር ግን መምራት የተሳነው መሪ ሥልጣን በማን እጅ ይሆናል የሚለው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ለዙፋኑ ይታሰቡ የነበሩት ራስ መኰንንም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። የራሳቸው ጤና እየታወከ ሲሄድ አፄ ምኒልክ መፍትሔ መፈለጋቸው አልቀረም፤ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፣ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው በዐዋጅ አስነገሩ። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ከሞት በኋላ ስለሚሆነው እንጂ በሞትና በሕይወት መካከል ስላለው ጊዜ የተሟላ ሥርዐት አልደነገገም።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ብርቱ ሕመም ሰውነታቸውን ሽባ አደረገ፣ መናገርም ነሣቸው። የውጭ አገር ሐኪሞች ይከታተሏቸው ነበር፤ ሆኖም የሐኪም ቃል ሥልጣንን ለማስተላለፍ መሠረት የሚሆንበት ሕግ አልነበረም። ክፍተቱን እቴጌ ጣይቱ ሞሉት፤ በባለቤታቸው ስም ሹመትና ሽረት አካሄዱ። የሸዋ መኳንንትና መሀል ሰፋሪው ይህን ስላልተቀበሉ፣ እቴጌይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተወግደው ሕመምተኛውን በማስታመም እንዲወሰኑ ተደረገ። ክርክሩ በሕግ ሳይሆን በኃይል ሚዛን ተፈታ።

ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ የሞግዚትነቱ ሥርዐት ፈረሰ። ልጅ ኢያሱ ገና በለጋ ዕድሜያቸው፣ ዘውድ ሳይጭኑ፣ በሕይወት ባሉ አያታቸው ጥላ ሥር ማስተዳደር ጀመሩ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይነገር ተሰወረ። ልጅ ኢያሱ ሳይቀቡ ቆይተው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት ቢሳናቸው እንደራሴ ሊሾም እንደሚችል ደነገገ። መሳኑን ማን እንደሚመረምርና እንደሚያረጋግጥ አለመወሰኑ ግን ጥያቄውን ለቤተ መንግሥቱ መልሶ ተወው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱን ዘመን በሁለት የስድስት ዓመት ምርጫ ሲገድብ፣ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የዘመን ብዛት ገደብ አላኖረም።

የአፄ ምኒልክ ፍጻሜ የሚያስተምረው የአንድ ታላቅ መሪ ጥንቃቄ እንኳ የሕግን ቦታ ሊተካ እንደማይችል ነው። የብቃት መለኪያና መርማሪ አካል አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ሕመም የሐኪም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን ሽኩቻ መነሻ ይሆናል።