ማይክል ፋራዳይ፦ ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ሳይንቲስትነት

ማታ ማታ የምናጠናበት መብራት ከየት ይመጣል ብትባሉ ከግድብ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ውሃው ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ጄኔሬተር የሚሠራበትን ሕግ ካገኙት ሰዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ ነው። የዛሬው ታሪካችንም የእሱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋራዳይ የተወለደው በ1791 ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ግን ሕመም ስለሚበዛበት እንደልቡ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ልጁ ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ሂሳብ ብቻ ተምሮ ትምህርቱን አቆመ። በ13 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሪቦ የሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆነ። በ14 ዓመቱ ደግሞ የጥረዛ ሙያ ሊማር ለ7 ዓመት ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። 13 ዓመት ማለት የእኛ ዕድሜ ነው። ከኛ ክፍልም ዘንድሮ ሁለት ልጆች አቋርጠው ሥራ ገብተዋል። ብዙ ሰው የነሱ ነገር አለቀ ብሎ ያስባል። እኔ ግን የፋራዳይን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እንደዚያ ማሰብ ትቻለሁ።

ፋራዳይ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እየገለጠ ያነብ ነበር። አንድ ቀን ሊጠርዝ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ አነበበ። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችውንም አገኘ። ያነበበውን ዝም ብሎ አያምንም፤ በሳምንት ጥቂት ሳንቲም እያወጣ ዕቃ ገዝቶ ይሞክረዋል። ሪቦም ደግ ሰው ስለነበረ አልከለከለውም። ማታ ማታ የሳይንስ ንግግር ወደሚሰጥበት ቦታም ይሄድ ነበር። መግቢያውን የሚከፍልለት እንደ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ነው። የሰማውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የታዋቂውን ሳይንቲስት የሃምፍሪ ዴቪን ንግግር መስሚያ ቲኬት ሰጠው። ፋራዳይ አራቱን ንግግሮች ተከታትሎ ማስታወሻ ያዘ። ቤቱ ገብቶ በጥሩ ጽሑፍ ገለበጠው፣ ሥዕል ጨመረበት፣ በራሱ እጅ ጠርዞ 300 ገጽ ገደማ የሚሆን መጽሐፍ አደረገውና ለዴቪ ላከለት። ዴቪ ተደሰተ፤ ግን ያን ጊዜ ባዶ ቦታ አልነበረም። በ1813 ቦታ ሲገኝ ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው። አያችሁ፣ በር የከፈተለት የማስታወሻ ደብተሩ ነው!

ከዚያ በኋላ የሠራው ብዙ ነው። በ1821 ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ኤሌክትሪክ ከማግኔት ጋር እንዲህ ከተዛመደ፣ ማግኔትስ ለምን ኤሌክትሪክ አይሰጥም ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ደብተሩ ላይ አሰፈረ። ሞከረ፣ አልሆነም። ደግሞ ሞከረ፣ አሁንም አልሆነም። እያሰበ እየጻፈ ወደ 10 ዓመት ቆይቶ በ1831 ተሳካለት፤ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ማግኔት ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አገኘ።

የሚገርማችሁ ደሞ ፋራዳይ በሂሳብ ደካማ ነበር። ቀመር በመሥራት ፋንታ በማግኔት ዙሪያ ያለውን ኃይል እንደ መስመር አድርጎ በሐሳቡ ይስለው ነበር። በኋላ ማክስዌል የተባለ ሳይንቲስት የሱን ሐሳብ ወደ ሂሳብ ቀየረው። ፋራዳይ የሙከራ ማስታወሻውን አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ይጽፍ ስለነበር ከ16,000 በላይ አንቀጾች ትቶልናል። ታዋቂ ከሆነም በኋላ የሰር ማዕረግ ሲሰጡት አልቀበልም አለ። ለልጆች ግን በገና ሰሞን ስለ ሻማ እንኳ ሳይቀር ያስተምር ነበር። በ1867 አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተምሬያለሁ፦ ያገኙትን ማንበብ፣ ያነበቡትን መጻፍ፣ የጻፉትን ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ማሰብ። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ፋራዳይ ጎበዝ ቢሆንም አጠገቡ መጽሐፍ ነበረ፤ የሚከፍልለት ወንድም፣ የማይከለክለው አለቃም ነበረው። ሥራ የገቡት ጓደኞቻችን መታወቂያ ስለሌላቸው ከቤተ መጻሕፍታችን መዋስ አይችሉም። ስለዚህ መምህሮቻችንን የምጠይቀው እኛ በስማችን ተውሰን እንድናደርስላቸው ነው። መጽሐፉ ቢጠፋ ኃላፊነቱን የምንወስደው እኛ ነን። እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ እሆናለሁ።