ሰማያዊ ያልነበረው ግድግዳ፦ ቪንሰንት ቫን ጎግ እና የስሜት ቀለማት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1888 ቪንሰንት ቫን ጎግ በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ የተከራየውን ቤት የመኝታ ክፍል ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በአምስተርዳም በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ከዚህ ሰማያዊ ተነሥቶ የሠዓሊውን ብቸኝነትና የመንፈስ ቅዝቃዜ መተርጎምም ቀላል ነው። ይሁንና ቫን ጎግ በዚያው ወር ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ ግድግዳው ፈዛዛ ወይን ጠጅ መሆኑን፣ ሥዕሉም ፍጹም ዕረፍትን እንዲገልጽ ማሰቡን አስፍሯል። በደብዳቤውና በሸራው መካከል ያለው ልዩነት ሥራዎቹ ከስሜት አንጻር በሚተነተኑበት ጊዜ ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ቫን ጎግ ማርች 30 ቀን 1853 በኔዘርላንድ፣ ዙንደርት በምትባል መንደር ከፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤተሰብ ተወለደ። በሥዕል ነጋዴዎች ድርጅት ተቀጥሮ በሄግ፣ በለንደንና በፓሪስ ሠርቷል፤ በቤልጂየም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ዘንድም ወንጌል ሰብኳል። በሁለቱም አልዘለቀም። ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ1880፣ በ27 ዓመቱ ሲሆን የቀረው ዕድሜ ዐሥር ዓመት ብቻ ነበር።

የሕይወት ታሪኩ በአብዛኛው ከጨለማ ወደ ብርሃን እንደተደረገ ጉዞ ይተረካል፦ በኔዘርላንድ ጥቁርና ቡናማ፣ በፓሪስ የቀለም ግኝት፣ በአርል ፀሐይ። ይህ አተራረክ እውነትነት ቢኖረውም ጎደሎ ነው። በ1885 በኑነን መንደር ድንች የሚበሉ ገበሬዎችን ሲሥል የመረጠው ጠቆር ያለ ቀለም ከዕውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም፤ ፊታቸው አፈር ያልለቀቀውንና ያልተላጠውን ድንች እንዲመስል ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በዚያው ዘመን የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የደላክሯን የቀለም አጠቃቀም ከሻርል ብላን ጽሑፎች እያጠና ነበር። ከዚያ የተማረው ዋና ነገር ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚያጎላ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸውን የሱፍ ክሮች አንድ ላይ የጠቀለለባቸው ኳሶች ዛሬም አሉ፤ የቀለሞችን ጉርብትና የሚፈትነው በእነዚህ ክሮች ነበር።

ከ1886 ጀምሮ በፓሪስ ከወንድሙ ጋር በቆየባቸው ሁለት ዓመታት የአበባ ሥዕሎችን እየደጋገመ በመሥራት ይህን ዕውቀት በደማቅ ቀለማት ተለማመደ። በፌብሩዋሪ 1888 ወደ አርል ሄደ።

በሴፕቴምበር ሌሊቱን ክፍት ሆኖ የሚያድር ቡና ቤት ለመሣል ቀን ቀን እየተኛ ሦስት ሌሊት ነቅቶ ሠራ። ግድግዳው ደም የመሰለ ቀይ፣ ጣሪያውና የቢሊያርዱ ጠረጴዛ አረንጓዴ፣ መብራቶቹ ቢጫ ናቸው። ሰው ራሱን ለውድቀት የሚዳርግበትና አእምሮውን የሚስትበት ስፍራ አድርጎ ሊያሳየው መፈለጉን ለቴዎ ጽፏል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተሣለው መኝታ ክፍል ውስጥም ቀይ አለ፤ የአልጋው ልብስ ደማቅ ቀይ፣ ወለሉም ቀይ ነበር፤ አረንጓዴም በመስኮቱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ለቫን ጎግ ቀይ ሁልጊዜ ቁጣ፣ አረንጓዴም ሁልጊዜ ሰላም አልነበረም። በቡና ቤቱ ቀይና አረንጓዴ ሰፊ ቦታ ይዘው ይፋጠጣሉ፤ በመኝታ ክፍሉ ግን የአልጋው ቢጫ ከግድግዳው ወይን ጠጅ ጋር ተጣምሮ ይረጋጋል። ስሜቱ የሚወለደው ቀለማቱ ከሚጎራበቱበት መንገድና ከያዙት ስፋት ነው።

የጠፋውም ይኸው ጥምረት ነው። ጄራኒየም ሌክ የሚባለው፣ ከሰው ሠራሽ ማቅለሚያ የተዘጋጀው ቀይ፣ ብርሃን ሲያገኘው ይለቃል። ከሰማያዊ ጋር ተዋሕዶ ወይን ጠጅ የሆነ እንደሆነ ቀዩ ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቢጫው አልጋ ከጥንድ ጓደኛው ጋር አይደለም ማለት ነው። በ2011 የታተመ የኤክስሬይ ጥናት ደግሞ ቫን ጎግ የተጠቀመበት ክሮም ቢጫም በብርሃን ምክንያት እንዴት ወደ ቡናማ እንደሚያደላ አሳይቷል።

ሠዓሊው ይህን አላወቀም ማለት አይቻልም። አዳዲሶቹ ቀለሞች እንደማይጸኑ በ1888 ለቴዎ ጽፏል፤ ጊዜ ስለሚያለዝባቸው በድፍረት መጠቀም ይሻላል የሚል አቋምም ነበረው። ጄራኒየም ሌክን ማዘዙንም አልተወም። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የሚታየው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገውን ስሜት የሚሰጠው ሌላ ቀለም በእጁ አልነበረም።

የዲሴምበሩ ሕመም ከመጣ በኋላ ሆስፒታል ሳለ የመኝታ ክፍሉን ሥዕል እርጥበት ጎዳው። በሴፕቴምበር 1889፣ በሳን ሬሚ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሠራ፤ አነስ ያለ ሦስተኛም ለእናቱና ለእኅቱ አዘጋጀ። ሦስቱ በ2016 በቺካጎ በአንድ ዐውደ ርእይ ታይተዋል።

በ1890 መጀመሪያ ቴዎ ወንድ ልጅ ወልዶ ቪንሰንት ብሎ ሰየመው። አጎትየው ለሕፃኑ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ያበበ የለውዝ ቅርንጫፍ ሣለለት። ሠዓሊው በዚያው ዓመት ጁላይ 29 ቀን በኦቨር ከተማ በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ አድጎ የቤተሰቡ ስብስብ በአንድነት እንዲጠበቅ አደረገ፤ ሙዚየሙም በ1973 ተከፈተ። የለውዙ አበባ እዚያ ይታያል፤ ሲሣል የነበረው ሮዝነት በአብዛኛው ለቆ አሁን ነጭ ነው።