ጥቀርሻን ከምድጃ ያስወገደው ስዊድናዊ መካኒክ

በዓለም ዙሪያ ፕሪሙስ በሚል ስያሜ የሚታወቀውን የላምባ ግፊት ምድጃ የፈለሰፈው ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተወለደው እ.ኤ.አ በ1862 ነበር። በዘመኑ በክር የሚነዱት የላምባ ምድጃዎች ድስቱንም ቤቱንም በጥቀርሻ ያጠቁሩ ነበር። በስቶክሆልም በመካኒክነት ይሠራ የነበረው ሊንድክቪስት መፍትሔውን ያገኘው በግፊት ነበልባል ከሚተፋው የባለሙያዎች የእጅ ማቃጠያ ሲሆን፣ የነበልባሉን አፍ ወደ ላይ በማዞር እ.ኤ.አ በ1892 ምድጃውን ሠራ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፉ አስቀድሞ በስፒሪት ይሞቃል፤ ከዚያም ነዳጁ በእጅ ፓምፕ ሲገፋ በጋለው ቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎትነት ይለወጥና ጥቀርሻ በሌለው ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ሊንድክቪስት ከጄ. ቪ. ስቬንሶን ጋር በመሆን ማምረት የጀመረ ሲሆን፣ ስያሜውም በላቲን የመጀመሪያ ማለት ነው። የምድጃውን ጥንካሬ የዋልታ አሳሾች መስክረውለታል። እ.ኤ.አ በ1897 በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ተጉዘው የጠፉት የስዊድናዊው አንድሬ ቡድን ዕቃዎች ከ33 ዓመት በኋላ ሲገኙ፣ ፕሪሙሱ አብሮ የተገኘ ሲሆን ፓምፑ ሲነፋም ላምባ መርጨቱ ተመዝግቧል።

ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ በ1931 ሕይወቱ አልፏል።

የላምባ ምድጃ በአገራችን ከተሞች በደመወዝ ለሚተዳደር ተከራይ ቤተሰብ ትልቅ ባለውለታ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ፣ ሆጤን በመሰሉ ሠፈሮች፣ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በመሆኑ ባቄላም ሆነ ሥጋ ለመቀቀል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ኃይለኛ ነበልባል እዚህ ትርፍ ነገር አይደለም። ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ግን በግፊት ምድጃ ውስጥ ለፍንዳታና ለቃጠሎ የሚዳርግ አደጋ ነው።

ዛሬ አሮጌ ፕሪሙሶችን የሚሰበስቡና የሚጠግኑ ሰዎች በተለያዩ አገራት ይገኛሉ። ሥራቸው በአብዛኛው የደረቀውን የፓምፕ ቆዳ በዘይት ማለስለስ ወይም መለወጥ፣ የእርሳስ ማጠቢያውን (ማሸጊያ ቀለበቱን) መተካትና የተደፈነውን ቀዳዳ በቀጭን መርፌ መክፈት ነው። ከእ.ኤ.አ 1911 ጀምሮ የምርት ዘመኑ በፊደል ምልክት በምድጃው ላይ ይታተም ነበር፤ ሀ እንደማለት ኤ የ1911 ምልክት ነው። ናሱን ለማብረቅ ሲባል ከመጠን በላይ የሚፈትግ ሰው ይህንኑ ብቸኛ የልደት ማስረጃ ይፍቀዋል።