ኸርበርት ሔንሪች እና የሥራ ላይ አደጋ ልኬት

ኸርበርት ዊልያም ሔንሪች እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ቤኒንግተን ከተማ ተወለደ። በፋብሪካ ደኅንነት ጥናት ስሙ በሰፊው ቢነሣም ያገለገለው በትራቨለርስ የመድን ኩባንያ የምህንድስናና ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። አደጋን የሚያየው በአብዛኛው በመዝገብ በኩል ነበር፤ የሥራው ብርታትም ድክመትም ከዚህ ይመነጫል።

እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ 75,000 አደጋዎችን በመንስኤ ለየ። 12,000ዎቹ ከመድን ካሳ መዛግብት፣ 63,000ዎቹ ከፋብሪካ ባለቤቶች የተገኙ ነበሩ። 88 በመቶውን ለሰዎች አደገኛ ድርጊት፣ 10 በመቶውን ለማሽንና ለሥራ ቦታ ጉድለት፣ 2 በመቶውን ሊወገድ ለማይችል ምክንያት ሰጠ። የበለጠ የታወቀው ግን ሌላው ስሌቱ ነው፦ ከ330 ተመሳሳይ አደጋዎች አንዱ ከባድ፣ 29ኙ ቀላል ጉዳት ሲያስከትሉ 300ው ማንንም ሳይጎዱ ያልፋሉ። በዚህም ከጉዳት በፊት ያለው ክስተት መቆጠር እንዳለበት አሳየ።

ሔንሪች እ.ኤ.አ. በ1962 አረፈ። ኋላ የተነሡ ተቺዎች መነሻ መዛግብቱን ለማጣራት አልቻሉም። ቅጹን ይሞሉ የነበሩት በአብዛኛው የሥራ ኃላፊዎች ስለነበሩ ጥፋቱ ወደ ሠራተኛው ማጋደሉ አያስገርምም፤ 88 በመቶ የተባለው ቁጥር የአደጋውን መንስኤ ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ወገን ሳይለካ አልቀረም።

ጉዳዩ ለመርሳም ቅርብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ ያዛል። በተለመደው ስሌት የጉዳት ድግግሞሽ የሚለካው በአንድ ሚሊዮን የሥራ ሰዓት ነው። እያንዳንዳቸው በዓመት 2,000 ሰዓት የሚሠሩ አሥር ሠራተኞች ያሉት የመርሳ የብረታ ብረት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት 20,000 ሰዓት ብቻ ይኖረዋል፤ አንድ ጉዳት ቢደርስ ልኬቱ ከዜሮ ወደ 50 ይዘላል። 1,000 ሠራተኞች ባሉት የኮምቦልቻ ፋብሪካ ግን ያው አንድ ጉዳት የሚጨምረው 0.5 ነው። ስለዚህ በትንሹ ሥራ ቤት የዜሮ ዓመት ስለ ደኅንነቱ ብዙም አይናገርም። የተሻለ የሚናገረው ሔንሪች የጠቆመው የ300ው መዝገብ ነው፦ ማንንም ሳይመታ የተሰበረ የግራይንደር ዲስክ፣ መከላከያው ተነቅሎ የሚሠራ መጋዝ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ። መዝገቡን አሠሪው ብቻውን ከያዘው ግን የሃርትፎርዱ ችግር በመርሳም ይደገማል።