ከአሲድ አተላ እስከ ጎመን መደብ፦ የበርሴሊዩስ ሕይወት

በስቶክሆልም መሀል፣ በርሴሊ ፓርክ ውስጥ አንድ ትልቅ የነሐስ ሐውልት አለ። ብዙዎቻችን በአጠገቡ አልፈናል፤ ማን እንደሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም። ሰውየው ዮንስ ያኮብ በርሴሊዩስ ነው። ከምንበላው ጎመን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት ከልጅነቱ እንነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በርሴሊዩስ በ1779 በደቡብ ስዊድን፣ ቬቨርሱንዳ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱን በአራት ዓመቱ፣ እናቱንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሞት አጣ፤ በእንጀራ አባቱና በዘመድ ቤት አደገ። ኡፕሳላ ገብቶ ሕክምና ተማረ። ተማሪ ሳለ፣ ሕመምተኞች እንደኛ ፍልውሃ ለፈውስ በሚሄዱበት በሜዴቪ ምንጭ፣ ውሃው ምን ምን ማዕድን እንደያዘ መረመረ።

በ1802 በሕክምና ተመርቆ ስቶክሆልም መጣና ድሆችን ያክም ጀመር። በ1807 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1810 ከተቋቋመው የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት መሥራቾችም አንዱ ነው። ዋና ሥራው መመዘን ነበር። የንጥረ ነገሮችን ክብደት በትዕግሥት እየለካ በሰንጠረዥ አስቀመጠ። ንጥረ ነገሮችን በላቲን ስማቸው መነሻ ፊደል የምንጽፈውም ከእሱ ወርሰን ነው።

በ1817 እሱና ጓደኛው ዮሐን ጎትሊብ ጋን ድርሻ በነበራቸው የግሪፕስሆልም የአሲድ ፋብሪካ አንድ ቀይ አተላ አገኙ። ከፋሉን ማዕድን ማውጫ የመጣው ድንጋይ ሲቃጠል የሚዘቅጥ ነበር። አተላው በእሳት ሲሞቅ ፍጅል ፍጅል ስለሸተተ መጀመሪያ ቴሉሪየም መሰላቸው። በርሴሊዩስ ግን አልረካም፤ ደግሞ መረመረና አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጠ። ቴሉሪየም በመሬት ስም ተሰይሞ ስለነበር ይህን በግሪክኛው የጨረቃ ስም ሴሊኒየም አለው። ጋዙን ለማወቅ አተር የምታህል አረፋ ቢያሸት፣ ለሰዓታት ምንም ማሽተት አቃተው።

በርሴሊዩስ በ1848 ስቶክሆልም ውስጥ አረፈ፤ መቃብሩ ሶልና ነው። ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሴሊኒየም የሚታወቀው በመርዝነቱ ነበር። በ1957 ግን ክላውስ ሽዋርትዝ የተባለ ተመራማሪ፣ በጥቂቱ ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑን በአይጦች አሳየ። በቻይና ኬሻን አካባቢ የልብ ጡንቻ የሚያደክመው በሽታም ሴሊኒየም ከጎደለው አፈር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ይህን በተግባር ያዋለችው ጎረቤታችን ፊንላንድ ናት። አፈሯ ሴሊኒየም ስለሚያንሰው በ1984 ወስና በማዳበሪያ ውስጥ መጨመር ጀመረች፤ በእህሉም፣ በወተቱም፣ በሰዉም ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ አለ። የተክል ሥር ሴሊኒየምን የሚስበው በድኝ መግቢያ በኩል ነው። ስለዚህ ድኝ የሚወዱት ጎመንና ዘመዶቹ ማዳበሪያው ሲደርሳቸው በቅጠላቸው በደንብ ያከማቹታል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ የአፈር፣ የጤፍና የሰው ደም ናሙናዎች ተመርምረው፣ የሴሊኒየም እጥረት ሰፊ መሆኑና መጠኑም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ ታውቋል። በጓሮ ያለው የአበሻ ጎመን ለምለም ስለሆነ ብቻ የጎደለንን ሁሉ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የሚሰጠን አፈሩ የሰጠውን ነው።

ነርስነት ስንማር ቶሎ ከሚነገረን ነገር አንዱ መድኃኒትና መርዝ የሚለዩት በመጠን መሆኑ ነው። ሴሊኒየምም እንዲሁ ነው፤ በጓሮ በግምት የሚበተን ነገር አይደለም። አንዱ ወረዳ ሲያንሰው ሌላው በቂ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመጨመር በፊት አፈሩን መለካት ይቀድማል። በርሴሊዩስም ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ መመዘን።